ቦርሳው ምን ይናገር?

ድሪቶ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ዛሬ በየቤታችሁ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ቦታውን ወስዶበት ይሆናል። ይሁን እንጂ እናቶቻችንና አያቶቻችን ካረጀ ቀሚስ፣ ከነተበ ጋቢ፣ ከልብስ ሰፊ ደጃፍ ከተለቀመ ቁርጥራጭ እየደረቱ የሠሩትን ያንን ከባድ ልብስ ለብሰን ያደግን ብዙዎች ነን። ቋንቋችን ግን የድሪቶን ውለታ በክፉ መልሷል። አንድ ጽሑፍ ሲዘበራረቅብን «የቃላት ድሪቶ» ብለን እናጣጥለዋለን። አንዲት ክር ሳያባክን ስንቱን ሕፃን ከብርድ ያዳነ ነገር መሰደቢያ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ስትጠየቅ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር መናገሯን የምናውቅ ሰዎች እራፊን ልናከብር ይገባን ነበር።

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ የሚጀምረው ከዚሁ ከድሪቶ ነው፤ የሚደርሰው ግን እስከ ተንቀሳቃሽ ስልካችሁ ድረስ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዘነበወርቅና በረጲ መካከል ባለው ሠፈራችን አንዲት እህት አለች። ስሟን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ። ባሏን በሞት ያጣች፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ናት። ከልብስ ሰፊዎች የተረፈውን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ እየሞላች ትገዛለች። ከመርካቶ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎችም ለሽያጭ ያልበቃውን፣ እጅጌው የተቀደደውን፣ ዚፑ የጠፋውን በርካሽ ታመጣለች። ያንን አጥባ፣ ስፌቱን ፈትታ፣ በቀለም ለይታ ቦርሳ፣ የትራስ ልብስና መስገጃ ትሠራለች። ሦስት የሠፈራችን ሴቶችም አብረዋት ይሰፉ ነበር።

ትልቋ ልጇ የኮምፒዩተር ተማሪ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። በቦርሳው የውስጥ ገበር ላይ በጥቁርና በነጭ ክር አንድ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ይጠለፋል። ገዢው ስልኩን ሲያነጣጥርበት የቦርሳው ሥዕል በስልኩ ላይ ይወጣል። ከሥዕሉ አንዷን እራፊ በጣቱ ሲነካ ደግሞ፣ ያቺ እራፊ ከየት እንደመጣች የእናትየው ድምፅ ይነግረዋል። «ይቺ ሰማያዊዋ የካፖርት ገበር ነበረች። ካፖርቱን ብል በልቶታል፤ ገበሩ ግን ደህና ነው።» ሌላዋን ሲነካ፣ «ይቺ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ናት፤ ክርኑ ላይ ብቻ ነው ያለቀው።» እንዲህ፣ እንዲህ እያለ እያንዳንዷ እራፊ ትናገራለች። (የሴት ድምፅ በዚህ መልክ ቢሰማ ምን ይባላል የሚል ጥያቄ ከአንድ ወንድም ተነሥቶ ነበር። ያንን ለዑለሞች ትቼዋለሁ፤ የዛሬው ነገሬ ሌላ ነው።)

ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየሱቁ ለክፍያ ተለጥፎ የምታዩት ኪው አር ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዴንሶ ዌቭ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የመኪና ዕቃዎችን ለመቆጣጠር የፈለሰፈው ነው። ትንሹ 21 በ21 ሆኖ 441 ነጠብጣብ ካሬዎች አሉት። ልጅቷ የመረጠችው 29 በ29 የሆነውን ነው። አንዱ ካሬ አንድ ስፌት ሲሆን 841 ስፌት ማለት ነው። እናትየው ወረቀቱ ላይ ስታየው «ይህማ ጥልፍ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ኮምፒዩተርና ሽመና ቀድሞውንም ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1804 ዣካርድ የተባለ ፈረንሳዊ የተበሱ ካርቶኖችን በሽመና ዕቃ ላይ ገጥሞ፣ የትኛው ድር ብድግ እንደሚል በቀዳዳዎቹ እንዲታዘዝ አደረገ። የተበሳ ካርድ በኋላ የ1890ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ለመደመር አገለገለ፤ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ኮምፒዩተሮችም ሥራቸውን ይቀበሉ የነበረው በእርሱ ነው።

እኔም ብልጥ ለመምሰል «ለምን ኤሌክትሮኒክሱን ራሱን ጨርቁ ውስጥ አታስገቢውም?» ብዬ ጠየቅኋት። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ክር መስፋት እንደሚቻል አንብቤ ነበር። የሰጠችኝ መልስ ግን አስተማረኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግል ከሌቪስ ጋር ሆኖ እጅጌው ሲዳሰስ ስልክን የሚያዝ ጃኬት ለገበያ አቅርቦ ነበር። በ2023 አገልግሎቱ ተዘጋ። ጃኬቱ እስከ ዛሬ ይለበሳል፤ እጅጌው ግን ደንቁሯል። «ደግሞስ ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ሽቦና ባትሪ የገባበት ጨርቅ ተመልሶ እራፊ አይሆንም። ማንም አይፈታውም። መጨረሻው ቆሼ ነው። ክር ግን ክር ነው።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ሰዎች በሥራው ተደሰቱ፤ ልጆች እራፊዎቹን በየተራ እየነካኩ ሳቁ። ገቢው ግን ትንሽ ነበር። በዚህ መካከል አንዲት ገዢ ከውጭ አገር መጣች። ስልኳን አነጣጥራ ካዳመጠች በኋላ «ጨርቁን ሰማሁት፤ ሴትየዋስ?» አለች። የሴትየዋ ታሪክ ከተጨመረበት 60 ቦርሳ በእጥፍ ዋጋ እወስዳለሁ አለች።

የሴትየዋን ታሪክ ሠፈራችን ያውቀዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ባለቤቷ ከዚያ ክምር ላይ ፕላስቲክ፣ ብረትና ጨርቅ እየለቀመ ይሸጥ ነበር። በዚያች ምሽት የቀኑን ለቀማ ለመለየት ከክምሩ ግርጌ ወደነበረው የጓደኛው ቤት እንደሄደ አልተመለሰም። ለሚስቱ የመጀመሪያዎቹን ጨርቆች ያመጣላት እርሱ ነበር። «አጥቢው እንጂ ይህ እኮ ደህና ነው» ይላት እንደነበር ትናገራለች።

እናትየው አመነታች። ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ አይደለም። ጽሑፉን በጥሩ አማርኛ አሳምሬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እናትየው አነበበችው፤ ተቀረጸ። መካከል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ልጅቷ እንደገና እንቅረጸው ስትል ገዢዋ «ይህን እንዳትቆርጪው» አለች። እኔም ተስማማሁ። እንዲያውም ልብ የሚነካው እርሱ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ።

60ው ቦርሳ ተሸጠ። ሌላ ታዘዘ። ጣሪያው ተጠገነ፤ ሦስቱ ሴቶች በየወሩ ሳይቋረጥባቸው ተከፈላቸው። ጥቂቶቹ ቦርሳዎች እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአንድ ባዛር ተሸጡ።

ትንሹ ልጅ አባቱ ሲሞት የ8 ወር ሕፃን ነበር። እናቱ ስታሳድገው «አባትህ ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ በአደጋ ሞተ» ብላዋለች። ውሸት አይደለም። የቀረውን ሲጎለምስ ልትነግረው ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ጓደኛው ቤት ለመጫወት ሄደ። የጓደኛው እናት ከባዛሩ የገዛችው ቦርሳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልጆቹ ስልክ አነጣጠሩ፤ የእናቱ ድምፅ እያለቀሰ ወጣ። አባቱ ከቆሼ ይለቅም እንደነበር፣ እንዴት እንደሞተም በዚያ ሰማ። በማግስቱ በትምህርት ቤት «ቆሼ» የሚል ስም ወጣለት። ልጁ እናቱን ምንም አልጠየቃትም። እርሷ የሰፋችለትን የደብተር ቦርሳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መያዝ ተወ፤ ደብተሮቹን በፌስታል ይዞ መሄድ ጀመረ።

ይህን ስሰማ ምን እንደምል ጠፋኝ። ልጅቷ እያለቀሰች «ጋሼ፣ ከተናገርነው አንድም ውሸት የለበትም እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የለበትም። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው ይህ ነው። ነገሩ እውነት መሆኑ ብቻ ይበቃል ወይ? ዕቃችንን ስንሸጥ ለገዢው ልንናገር የሚገባን ምን ድረስ ነው?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አግኝተው እጃቸውን ቢያስገቡበት ውስጡ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ሻጩን እንደገሠጹት ታውቃላችሁ። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሻጩ እንዲገልጥ የታዘዘው የእህሉን እርጥበት ነው። ስንት ልጅ እንዳለው፣ ዕዳ እንዳለበት፣ የቀደመው ዓመት ድርቅ ምን እንዳደረሰበት አልተጠየቀም። ገዢ በዕቃው ላይ መብት አለው። ብል የበላው ካፖርት ገበር መሆኑን፣ እጀታው የተጠገነ መሆኑን፣ ቀለሙ በውኃ የሚለቅ መሆኑን ማወቅ መብቱ ነው፤ መደበቁም ማታለል ነው። በሰፊዋ ኀዘን ላይ ግን ምን መብት አለው? ቦርሳውን በእጥፍ ዋጋ ስለገዛ ዕንባዋንም ገዝቷል ማለት ነው?

ይህ ነገር በሠፈራችን ከስልክም በፊት የነበረ ነው። ከእኛ ጥቂት ራቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል አለ። በአካባቢው የሥጋ ደዌ የጎዳቸው ሰዎች ለረጅም ዓመታት ጥልፍና የእጅ ሥራ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ጎብኚዎችም እየመጡ ይገዙ ነበር። እኔም ገዝቻለሁ። ስገዛ ግን ስፌቱን ገልብጬ አላየሁም። ገንዘቡን ሰጥቼ፣ ደግ ሰው ነኝ ብዬ ወጣሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የጥልፉን ውበት ያየሁት። የባለሙያን ሥራ ሳይመረምሩ መግዛት ርኅራኄ ይመስላል እንጂ፣ ባለሙያ መሆኑን መካድ ነው። ጨርቁን ሳይሆን በሽታውን ገዝቼ ነበርና።

በዚያው በዘነበወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2004 ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራ ጀመረች። ሐሳቡ ከበረባሶ የተወሰደ ነው፤ ሶሉ ከአሮጌ ጎማ፣ ላዩ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ። ጫማው በኢንተርኔት ጭምር ለውጭ አገር ገዢዎች ተሸጠ። ጎማው አሮጌ መሆኑ አልተደበቀም፤ እንዲያውም መኩሪያው እርሱ ነበር። ሠዓሊው ኤሊያስ ስሜም እንዲሁ ነው። ድሮ በሸራ ላይ በክርና በቁልፍ ይሰፋ ነበር፤ በኋላ ከመርካቶ የሚገዛውን የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ ግድግዳ የሚያህል ሥራ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ታይቷል። ሥራው ፊት የሚቆም ሰው ቀለሙንና ጉንጉኑን ያያል። ያ ስልክ የማን ነበር፣ ማን ለቀመው ብሎ የሰው ገመና አይጎረጉርም። ቆሻሻ ለነበረ ነገር ክብሩን መመለስ እንዲህ ይቻላል፤ የሰው ክብር ዋጋ ሆኖ ሳይከፈልበት።

በሱረቱል በቀራ ቁጥር 273 ላይ ስለተወሱት ችግረኞች አስቡ። ከጥንቁቅነታቸው የተነሣ ሁኔታቸውን የማያውቅ ሰው ችግር ያለባቸው እንኳ አይመስሉትም። አላህ (ሱ.ወ.) ያወደሰላቸውን ይህንን ሽፋን ነው እኛ በጥሩ አማርኛ የገለጥነው። ደግሞ ሩቅ አንሂድ። በረመዳን ዘይትና ዱቄት ስናከፋፍል የምንለቃቸውን ፎቶዎች ተመልከቱ። ከረጢቱን የተቀበለችው እናት ፊቷ ይታያል። ልጇ ያንን ፎቶ በማን ስልክ ላይ እንደሚያየው ማናችን ጠይቀናል?

እዚህ ላይ የልጅቷን ሙግት ልደብቅባችሁ አልፈልግም፤ ቀላል ሙግት አይደለምና። በመጀመሪያ፣ «ዝም ካልን ቆሼ ይረሳል፤ የሞቱትም ሁለተኛ ይቀበራሉ» አለች። ይህ እውነት ነው። እናትየው ልትመሰክር ብትወድ ማን ይከለክላታል? ነገር ግን ምስክርነትና የዋጋ መለያ አንድ አይደሉም። ምስክር ጊዜውንና ሰሚውን ራሱ ይመርጣል። ቦርሳው ግን ላገኘው ሁሉ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ሕፃን ይሁን ቧልተኛ ሳይለይ ያለቅሳል። ሁለተኛ፣ «ታሪኩ ከወጣ ሽያጩ ይወድቃል፤ ሦስቱን ሴቶች ማን ይከፍላቸዋል?» አለች። ይህም እውነት ሆነ። ታሪኩ ሲወጣ ገዢዋ ትእዛዟን አላደሰችም። ከሦስቱ አንዷ ወደ እንጀራ ጋገራዋ ተመልሳለች። በመንገድ ስታገኘኝ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል፤ አልፈርድባትም። ክብር ይጠበቅ ብሎ የሚናገር ሰው ሒሳቡ በማን ላይ እንደሚያርፍ ማየት አለበት።

ወደ ፊት ግን ሌላ በር ሊከፈት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው ሕግ ዕቃዎች የዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖራቸው ያዛል፤ ጨርቃ ጨርቅም ቅድሚያ ከተሰጣቸው መካከል ነው። ፓስፖርቱ የሚጠይቀው ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚበረክት፣ ተመልሶ ለሥራ ይውል እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውን ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ካሰበችው ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አያችሁ? እራፊዎቹ ከየት እንደመጡ የሚናገረው ያ የዋህ ሥራዋ ከገዢዋ ጥያቄ ይልቅ ለነገው ገበያ የቀረበ ነበር።

የተጠለፈው ምልክት ጥሩ ጠባይ አለው። ክሩ የሚያሳየው አድራሻውን ብቻ ነው፤ አድራሻው ላይ የሚገኘው ነገር ሊለወጥ ይችላል። በአንድ ምሽት ልጅቷ የእናቷን ልቅሶ አወጣችው፤ ባሕር ማዶ ያሉት ቦርሳዎች እንኳ አንድ ክር ሳይፈታባቸው ስለ ኀዘኗ ዝም አሉ። በቴሌግራም ተቀድቶ የሄደውን ግን መመለስ አልተቻለም። በሱረቱ ነሕል ቁጥር 92 ላይ አጥብቃ የፈተለችውን ክር መልሳ የበታተነችውን ሴት ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። ምሳሌው የተነገረው ቃል ኪዳንን ስለ ማፍረስ ነው። ቢሆንም ያን ምሽት በሐሳቤ የመጣችው ያቺ ሴት ነበረች። እኛ ስፌት መፍታት የሚያውቅ ሠፈር ውስጥ እየኖርን፣ ሊፈታ የማይችለውን ፈትለን ለቀቅነው።

እናትየውም ልጇን አስቀምጣ ሁሉን ነገረችው። ምን እንዳለችው በከፊል አጫውታኛለች። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ሄዶ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ ቢሸጥ፣ ሰው ከመለመን እንደሚሻለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩትን አንሥታ፣ «አባትህ የሰው እጅ አላየም» አለችው። ከዚያም የመጀመሪያውን ጨርቅ፣ አባቱ «ይህ እኮ ደህና ነው» ያለውን፣ ከሣጥን አውጥታ አሳየችው። ይህን ከማንም ስልክ በፊት ከእርሷ አፍ ሊሰማው ይገባ ነበር። የዘገየሁት እኔ ነኝ ስትል ሰምቻታለሁ፤ እኔ ግን ያስቸኰልናት እኛ ነን ባይ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ገባሁ። በሥዕሉ ላይ እራፊዎቹ ሲነኩ አሁንም የእናትየው ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ጨርቁ ብቻ። አንድ አዲስ ነገር ጨምራበታለች። እጀታው ሲነካ «ግራው ተቀጥሏል፤ ከባድ ዕቃ አይችልም» ይላል። ልጁ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ለእህቱ የወረቀቱን ካሬዎች ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ እርሷ ትሰፋለች። ሁለት ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ ሦስት ጥቁር። መካከል ላይ ተሳስቶ አንዱን ነጭ ጥቁር አለው፤ ያስተዋለውም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ደንግጦ ቀና አለ። እህቱ ይህ ዓይነቱ ምልክት እስከ 30 ከመቶ ገደማ ቢጎዳ እንኳ እንደሚነበብ አስረዳችው። አላመናትም። የእኔን ስልክ ተቀብሎ ራሱ አነጣጠረበት፤ አነበበለት።